የማክስ ሮች «ዊ ኢንሲስት!»፦ ድራመሩን ለማወቅ መጀመሪያ የሚደመጥ አልበም

የጃዝ ድራመርን ሥራ በአንድ አልበም ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ሳላመነታ የምመርጥለት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ኒውዮርክ ውስጥ ተቀርጾ በካንዲድ አሳታሚነት የወጣውን «ዊ ኢንሲስት! ፍሪደም ናው ስዊት» ነው። አምስት ሥራዎችን ብቻ የያዘና አርባ ደቂቃ የማይሞላ ቢሆንም፣ ማክስ ሮች እስከ 36 ዓመቱ በድራም ያካበተው ችሎታና እንደ ጥቁር አሜሪካዊ ያሳለፈው ኑሮ አንድ ላይ ይሰማበታል።

ሮች በ1924 በሰሜን ካሮላይና ተወልዶ ብሩክሊን ውስጥ አደገ። በ1945፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቢቦፕ የተባለውን አዲስ ስልት ካስተዋወቁት የሳክስፎን ተጫዋቹ የቻርሊ ፓርከር ቀረጻዎች በአንዱ ተጫውቷል። ቀደም ሲል አብዛኛው ድራመር ምቱን የሚጠብቀው በእግር በሚመታው ትልቅ ከበሮ ነበር፤ ኬኒ ክላርክ በጀመረውና ሮች ባሳደገው አጨዋወት ግን ይህ ኃላፊነት ወደ ሲምባል (በዱላ ወደሚመታው የብረት ሰሃን) ተዛወረ፤ በዚህም የተነሣ ግራ እጅና ቀኝ እግር ነፃ ወጥተው ከትራምፔቱና ከሳክስፎኑ ጋር መቀባበል ቻሉ። በ1954 ከትራምፔት ተጫዋቹ ክሊፎርድ ብራውን ጋር የመሠረተው ባንድ ስሙ በገነነበት ወቅት፣ ብራውንና ፒያኒስቱ ሪቺ ፓወል በ1956 በመኪና አደጋ ሞቱ። ሐዘኑ ሮችን ክፉኛ ጎድቶታል።

አልበሙ የሚከፈተው በ«ድራይቫ ማን» ነው። ዘፋኟ አቢ ሊንከን ታምቡሪን እየመታች፣ በባሪያዎች ላይ ስለተሾመው ጨካኝ አሠሪ ብቻዋን መዝፈን ትጀምራለች። ባንዱ ሲገባ ምቱ አምስት አምስት እየሆነ ይቆጠራል፤ ሮችም የእያንዳንዱን ዙር መጀመሪያ የስኔሩን (በዱላ የሚመታውን ትንሽ ከበሮ) ጠርዝ ጨምሮ አንድ ጊዜ ጠንክሮ ይመታዋል። ጆሮ ላይ የሚያርፈው የአለንጋ ድምፅ ነው። ያን ያህል ፈጣን እጅ ያለው ሰው ምቱን ሳያበዛና ሳያሳምር እንደዚያው መያዙ፣ ለእኔ ከየትኛውም ፈጣን ሶሎ (የብቻ ጨዋታ) ይበልጥብኛል። በ55 ዓመቱ ከወጣቶቹ ጋር የተሰለፈው ኮልማን ሆውኪንስ በሶሎው መካከል የሳክስፎኑ ድምፅ አንድ ጊዜ ይሰነጠቅበታል፤ ስሕተቱ ተቆርጦ እንዲወጣ ግን አልፈቀደም፤ ሙዚቃው ስለ ምን እንደሆነ ለገባው ሰው ውሳኔው ትክክል ነው።

የአልበሙ ልብ «ትሪፕቲክ» ነው። እዚህ ላይ የሊንከን ድምፅና የሮች ድራም ብቻ ይቀራሉ። ዘፈኑ ቃል የለውም፤ በጸሎት ይጀምራል፣ ወደ ተቃውሞ ይሻገራል፣ በሰላም ያርፋል። በመካከለኛው ክፍል ሊንከን ከአንድ ደቂቃ በላይ ትጮኻለች፤ ድራሙም አብሯት ይናወጣል። ለጀማሪ አድማጭ እጅግ ይከብዳል፤ ሆኖም ዘልሎ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ዕረፍት ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ ጩኸት በኋላ ስለሆነ ነው።

«ፍሪደም ዴይ» የነፃነትን ወሬ ሰምቶ ማመን ያቃተውን ሕዝብ ጥድፊያ ያሰማል። በ«ኦል አፍሪካ» ሊንከን የአፍሪካ ሕዝቦችን ስም ስትጠራ ናይጄሪያዊው ከበሮ መቺ ኦላቱንጂ በዮሩባ ቋንቋ ይመልስላታል፤ ከዚያ የሚከተለው የከበሮዎች ጨዋታ ግን በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ ይረዝማል። የመጨረሻው ሥራ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ፖሊስ በደቡብ አፍሪካ ሻርፕቪል 69 ሰዎችን ከገደለ በኋላ የተቀረጸ የጆሃንስበርግ ልቅሶ ነው።

የሚቻል ከሆነ በሸክላ መግዛቱ ይመረጣል፤ ጥቁሮችን አናስተናግድም ይሉ በነበሩ ምግብ ቤቶች የተደረገውን የመቀመጥ ተቃውሞ የሚያሳየው የሽፋኑ ፎቶግራፍ የሥራው አካል ነውና። በስልክ የሚያደምጥ ሰው ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገዋል፤ በስልኩ ስፒከር ትልቁ ከበሮ ጨርሶ ይጠፋል። ሮች በ1988 ልዩ የፈጠራ ችሎታ ላላቸው ሰዎች በአሜሪካ የሚሰጠውን የማካርተር ሽልማት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ የጃዝ ሙዚቀኞች አንዱ ሆኗል፤ በ2007 እስኪሞትም ድረስ ብዙ ሠርቷል። ድራሙን ያለ አጃቢ መስማት ለሚሻ ሰው ቀጥሎ የሚገዛው፣ ሦስት የድራም ብቻ ሥራዎችን የያዘው የ1966ቱ «ድራምስ አንሊሚትድ» ነው።