የ10 ቀኑ የቪፓሳና ሥልጠና ለማን ይሆናል?

በተመስጦ መምህሩ በኤስ. ኤን. ጎይንካ ስልት የሚሰጠው ይህ የተመስጦ ሥልጠና ክፍያ የለውም። ምግቡም መኝታውም ቀድመው በጨረሱ ሰዎች ልገሳ ይሸፈናል፤ ያልጨረሰ ሰው ልስጥ ቢልም አይቀበሉትም። የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ደወሉ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይደወላል፣ በቀን በድምሩ ለ10 ሰዓት ያህል ለተመስጦ ይቀመጣሉ፣ ምሳ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአዲስ ገቢ 11 ሰዓት ላይ ከሚቀርበው ሻይና ፍራፍሬ በቀር ምንም የለም። ስልክ፣ መጽሐፍና እስክሪብቶ በር ላይ ይቀራሉ። ለ9 ቀን ንግግርም ጥቅሻም ክልክል ነው፤ ጥያቄ ያለው መምህሩን ቀትር ላይ ያገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአፍንጫ የሚገባና የሚወጣ ትንፋሽን መከታተል ብቻ ናቸው። በ4ኛው ቀን ከሰዓት ቪፓሳና ይጀመራል፦ ትኩረትን ከአናት እስከ እግር ጣት በየክፍሉ እያዘዋወሩ የሚሰማን ስሜት ሁሉ፣ ማሳከክም ሆነ ሙቀት፣ ሳይመኙና ሳይጠሉ ማየት። ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ እጅና እግር ሳያንቀሳቅሱና ዓይን ሳይገልጡ መቀመጥ አለ።

ራሱን ለማሻሻል የመጣ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጉልበቱ ሲቃጠል ጥርሱን ነክሶ ይችላል፤ ችሎ ሲጨርስ «አሸነፍኩ» ይላል። በማግስቱ ደግሞ ትናንት የተሰማውን ደስ የሚል ንዝረት ያሳድዳል፣ ሲያጣውም ወደኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ሁለቱም ሥልጠናው ሊያስተወው የሚፈልገው ልማድ ናቸው፤ ሕመምን መግፋትና ደስታን መያዝ። የሥነ ልቦና ሊቁ አብርሃም ማስሎው በ1943 እ.ኤ.አ. ሙሉ አቅምን እውን ማድረግን ከፍላጎቶች ሁሉ በላይ አስቀምጦ ነበር፣ በመጨረሻ ዓመታቱ ግን ከራስ ማለፍን ከበላዩ ጨመረበት። ይህ ሥልጠና ቀጥታ ወደዚያኛው ነው የሚሄደው፤ «እኔ» የሚባለውን አይሞርደውም፣ ጨርሶ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቁጣ መብረዱና ትኩረት መሰብሰቡ ቢመጣ እንደ ምራቂ ነው። ለሥራ ውጤት ብቻ ለሚፈልገው ሰው እኛ አንመክረውም፤ አጠር ያለ የትንፋሽ ልምምድ ይበቃዋል።

ጉልበት ወይም ወገብ የሚያመው ገና ከመጀመሪያው ወንበር ይጠይቅ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት በማመልከቻው ላይ አይደብቅ፤ ዝምታውና ርዝመቱ ሊያባብስበት ይችላል።

አንድ ነገር ለእኛ አገር ሰው፦ በቆይታው የየሃይማኖቱ ጸሎት፣ ጾምና መቁጠሪያ ሁሉ ይቋረጣል። ውዳሴ ማርያም ሳይደግም ወይም ሶላት ሳይሰግድ መዋል የማይሆንለት፣ ይህን አውቆ ከማመልከቱ በፊት ይወስን።