የራውተር ሎግ የት ይቀመጥ? ፍላሽ፣ ራስፕቤሪ ፓይ ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ

ጎንደር ፒያሳም ሆነ ማራኪ ላለ ሆቴል የሎግ (ራውተሩ የሆነውን ሁሉ፣ ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ ጭምር የሚጽፍበት መዝገብ) ማስቀመጫ ሲገዛ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ቅንብሩ ካልተነካ ሎጉን የሚይዘው ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም 1,000 መስመር። ጥምቀት ሰሞን እንግዳው ስልኩን ይዞ ሲገባ ሲወጣ ይህ ወዲያው ይሞላና አሮጌው ይሰረዛል። ራውተሩ ከጠፋማ ምንም አይተርፍም።

ርካሹ መንገድ ፍላሽ ዲስክ ነው። ራውተሩ ግን የዩኤስቢ ቀዳዳ ይኑረው፦ ከማይክሮቲክ ሞዴሎች ሄክስ አለው፣ የኤችኤፒ ላይት ቀዳዳ ለኃይል ብቻ ነው። ሎጉን ወደ ዲስክ ሲያዞሩ የፋይሉ ስም በፍላሹ ስም ይጀምር፤ ያለዚያ ራውተሩ ውስጥ ይጻፋል፣ በብዙዎቹ ባለ 16 ሜጋባይት ሞዴሎች ደግሞ ያ ቦታ ራም ስለሆነ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። ካልተነካ እያንዳንዳቸው 1,000 መስመር የሚይዙ 2 ፋይሎችን ብቻ ስለሚጠቀም ቁጥሩን ይጨምሩ።

ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባለው በኤስዲ ካርድ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ድምፅ የለውም፣ መብራትም አይበላም። ግን እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ኤስዲ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ የራሱ ሰዓት ስለሌለውም ኢንተርኔት እስኪያገኝ የተሳሳተ ሰዓት ይጽፋል። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አንመክረውም።

የኛ ምርጫ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ዩፒኤስ ይሆናል፣ ሰዓቱንም አይረሳም። ሲገዙ ቻርጀሩን ነቅለው ግማሽ ሰዓት ያሠሩት፣ ካልቆየ ይተዉት። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ግድ የለም፣ እንዲያውም ለዋጋ ክርክር ይጠቅማል።

ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሲስተም ጭነው፣ ሎግ በሚቀበለው ፕሮግራም በአርሲስሎግ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ዩዲፒ 514ን (ሎጉ በኔትወርክ የሚገባበትን በር) የሚከፍቱት ሁለት መስመሮች ፊት ያለውን # ያጥፉ፣ ፋየርዎሉ ላይም ይህንኑ በር ይክፈቱ፣ አገልግሎቱን ሪስታርት ያድርጉ። የራውተሩ ሎግ ለብቻው እንዲጻፍበት ያዘዙት ፋይል አልፈጠር ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎልደሩ ባለቤትነት ነው፦ ፕሮግራሙ የሚሠራው «ሲስሎግ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ስለሆነ ፎልደሩን ለእሱ ይስጡ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ያድርጉ። አዲሱን ፋይል አሮጌ ሎግ በየጊዜው በሚሰርዘው ፕሮግራም በሎግሮቴት ውስጥም ያስገቡ፤ ካልገባ እያበጠ ሄዶ ዲስኩን ይሞላል። ራውተሩ ላይ የላፕቶፑን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ቋሚ ያድርጉ፣ ሎጉ ወደዚያ እንዲላክ ይዘዙ፣ «ቢኤስዲ ሲስሎግ» የሚለውን ምልክት አያድርጉ፤ ያኔ በየመስመሩ የሚጻፈው የላፕቶፑ ሰዓት ይሆናል።

ዩዲፒ መልእክቱ መድረሱን አያረጋግጥም። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ በመካከል ያለው ስዊች (ራውተሩንና ላፕቶፑን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን) ከጠፋ የዚያ ጊዜ ሎግ የለም፤ ራውተሩንና ስዊቹን አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ።