ዝግ ተሳቢ ለአንዲት ቮልስ፦ ከ16 ወር በኋላ

መኪና ውስጡ ጭኜ በሌላ መኪና የምጎትተው፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ዝግ ተሳቢዬ በግራ ጎኑ 650 ዶላር የጨመርኩበት አንድ በር አለው። ዛሬ በዚያ በር የሚገባም የሚወጣም የለም፤ ከውስጥ በኩል የማሰሪያ ቀበቶዎቼን ሰቅዬበታለሁ። ምክንያቱን ስደርስበት እናገራለሁ። የመጀመሪያ ዝግ ተሳቢውን ሊገዛ ያሰበ ሰው ግን ከወዲሁ ይህችን በር በልቡ ይያዝልኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገችኝ የ1969 ሞዴል ቮልስ ናት። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቮልስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። አሜሪካኖች ግን የመኪና ትርኢት ላይ «ከኢትዮጵያ መጥተህ ለምን ቮልስዋገን?» ይሉኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ እንደነበረች ስነግራቸው ዓይናቸው ይፈጣል። እኔ የወደድኳት ግን በዚያ ታሪክ አይደለም። የሰፈራችን መምህር ቮልስ ነበረቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት ገፍተን የምናስነሳላቸው እኛ ልጆቹ ነበርን።

ለቮልስ ዝግ ተሳቢ የግድ ነው? በእውነት ለመናገር አይደለም። በግማሽ ዋጋ የሚገኝ፣ ክብደቱም በግማሽ የሚቀል ክፍት ተሳቢ ያደርሳታል። መኪናውን የሚያቆምበት ጋራዥ ያለውና በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚጓዝ ሰው ክፍቱን ገዝቶ ትርፉን ገንዘብ ለቀለም ቢያውለው ይሻለዋል። እኔ ጋራዥ የለኝም። ቮልሷ ክረምትና በጋ የምታድርበት፣ መሣሪያዬም የሚቆለፍበት ቤት ያስፈልገኝ ነበር። ዝግ ተሳቢ ጎማ ያለው ጋራዥ ነው ብዬ ገባሁበት።

ለመኪና የሚሠሩት ዝግ ተሳቢዎች ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ 8 ጫማ ተኩል ነው፤ መንገዱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ርዝመታቸው 20 ወይም 24 ጫማ ይሆናል። መጀመሪያ የሄድኩበት ሻጭ «ሁሉም ሰው ትንሹን ገዝቶ ይጸጸታል» እያለ ወደ 24ቱ ጎተተኝ። ቮልሴ ከመከላከያ እስከ መከላከያ 13 ጫማ ከጥቂት ኢንች ናት። ባለ 24ቱ ደግሞ ባዶውን ከ4,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። 20ውን ወሰድኩ፣ አልተጸጸትኩም። የተጸጸትኩት በሌላ ነው፦ ሁለቱ አክሰሎች (ጎማዎቹ የተያያዙባቸው አግዳሚ ዘንጎች) እያንዳንዳቸው 3,500 ፓውንድ የሚሸከሙ ስለሆኑ ጠቅላላው የተፈቀደ ክብደት 7,000 ነው። ተሳቢው ባዶውን 3,520 ይመዝናል። ስለዚህ ልጭንበት የምችለው 3,480 ፓውንድ ብቻ ነው። ባለ 5,200 አክሰል ያለው ያን ጊዜ ከ1,000 ዶላር ባነሰ ጭማሪ ይገኝ ነበር።

በአሜሪካ እነዚህ ተሳቢዎች የሚሠሩባቸው ሁለት ትልልቅ መንደሮች አሉ፤ አንዱ ኢንዲያና ውስጥ በኤልክሃርት ዙሪያ፣ ሌላው ደቡብ ጆርጂያ ውስጥ በዳግላስ ዙሪያ። የጆርጂያው ርካሽ ነው ሲባል ሰምቼ በመጋቢት 2024 ወደ 700 ማይል ተጉዤ ራሴ አመጣሁት። ዋጋው ከበሩ ጋር 9,300 ዶላር ሆነ። ከመግዛታችሁ በፊት ተንበርክካችሁ ሆዱን እዩት። ወለሉን የሚሸከሙት ብረቶች በየ16 ኢንች ናቸው ወይስ በየ24? የእኔ በየ16 ነው፤ ወለሉም ሦስት አራተኛ ኢንች ኮምፔንሳቶ ነው። በዚህ በኩል እስካሁን አላሳፈረኝም፤ የቮልሷ ጎማ በሚያርፍበት ቦታ ምንም አልረገበም።

የመልሱ ጉዞ ባዶ ነበር፤ ባዶ ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። የምነዳው የ2015 ቶዮታ ቱንድራ ፒክአፕ ነው፣ 5.7 ሊትር ሞተር ያለው። ብቻውን በሰፊ መንገድ በጋሎን 16 ማይል ይሄድልኛል። ባዶውን ተሳቢ አስከትሎ 9 ሄደ። በኋላ ቮልሷን ጭኜ ስለካው 8 ተኩል። ልዩነቱ ይህችው ናት! ነዳጁን የሚጠጣው ጭነቱ አይደለም፣ ከመኪናው ጣሪያ በላይ የቆመው ግድግዳ ነው፤ ነፋስ ለመግፋት ነው የምትከፍሉት። ከ70 ማይል ወደ 62 ስወርድ ከአንድ ጋሎን አንድ ማይል ያህል አተርፋለሁ፤ የፋብሪካው ጎማዎችም ከ65 በላይ እንዳይነዱ ተጽፎባቸዋል። የውስጡ ከፍታ 7 ጫማ የሆነውን ያልመረጥኩትም ለዚሁ ነው። 6 ጫማ ተኩሉ ለቮልስም ለእኔም ይበቃል።

በዚያው ጉዞ 50 ማይል ላይ ቆሜ የጎማ ዳዶዎቹን ስፈትሽ አንዱ በእጅ የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። አዲስ ተሳቢ ላይ ዳዶ በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል እንደገና መጥበቅ አለበት፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው የለም። መለኪያ ያለው ቁልፍ ግዙ፤ በግምት ማጥበቅ ይቅር።

አሁን ወደ በሩ። ግንቦት ላይ ፔንስልቬንያ፣ ካርላይል በሚካሄደው የውጭ መኪኖች ትርኢት ላይ ቮልሷን ይዤ ሄድኩ። የጫንኳት ሰው ሁሉ እንደሚጭነው ነው፤ አፍንጫዋን ወደፊት አድርጌ ነድቼ አስገባሁ፣ ከፊቷ ሦስት ጫማ ያህል ክፍተት ትቼ አሰርኳት፣ በዚያች ባለ 650 ዶላር በር በኩል እንደ ባለሥልጣን ቀጥ ብዬ ወጣሁ። ስንሄድ ደህና ነበር፣ ነፋስ አልነበረም። ስንመለስ ከጌቲስበርግ አልፈን ወደ ፍሬድሪክ ስንወርድ አንድ ከባድ መኪና በግራችን አለፈ። በመስታወቱ ተሳቢው ዝንብ እንደሚያባርር ጅራት ግራ ቀኝ ሲል አየሁ፤ ቀጥሎ የቱንድራው ኋላ አብሮ መሄድ ጀመረ። ባለቤቴ ዳሽቦርዱን ይዛ «በስመ አብ!» አለች። እግሬ ወደ ፍሬን ሄዶ ነበር፣ መለስኩት። ነዳጁን ለቅቄ፣ መሪውን ሳላዞር፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የሚይዘውን የእጅ መቆጣጠሪያ ቀስ እያልኩ ጨመቅኩት። ተሳቢው ወደኋላ ተጎትቶ ቀጥ አለ። ነገሩ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ያወራ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜውን የከባድ መኪናዎች ሚዛን ያለበት ማደያ ሄድኩ። የሚዛን ማከፋፈያውን (ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ከፊሉን ወደ ሌሎቹ አክሰሎች የሚያካፍለውን መጋጠሚያ) ዘንጎች ፈትቼ አንድ ጊዜ ከተሳቢው ጋር፣ አንድ ጊዜ ተሳቢውን አላቅቄ ተመዘንኩ። ተሳቢው ከነጭነቱ 5,600 ፓውንድ ነበር፤ ተሳቢው ከቱንድራው ጋር የሚገናኝበት ኳስ ላይ ያረፈው ክብደት ግን 420 ብቻ። ሰባት በመቶ ተኩል ማለት ነው። የሚፈለገው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በኋላው እየተመራ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ምክንያቱ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ሕፃን እንኳን የተሰወረ አይደለም፦ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው! ከክብደቷ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሞተሩን ከተሳቢው ጅራት አስጠግቼ፣ የመሣሪያ ሣጥኑንም እዚያው ማዕዘን ላይ ደርቤ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቮልሷ በጀርባዋ ትገባለች። መወጣጫውን በሪትሮ እየወጣች፣ ሞተሯ ወደ ቱንድራው፣ አፍንጫዋ ወደ መውጫው። አንድ ጫማ ተኩል ያህል ደግሞ ወደፊት አስጠጋኋት። ሌላ ምንም ሳልነካ እንደገና ስመዝን ኳሱ ላይ 730 ፓውንድ አረፈ፤ 13 በመቶ። ባሕር ላይ 186 ጫማ ከፍ ብሎ በሚያልፈው የቼሳፒክ ድልድይ ወደ ኦሽን ሲቲ በነፋስ ስሻገር እንኳ ተሳቢው መኖሩን ረስቼ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ድልድይ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ባዶ ሣጥን ተሳቢ እንዳያልፍ የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ የሚያስፈራው ባዶው ነው።

በሩስ? መኪናዋ ስትዞር የሹፌሯም በር አብሮ ዞረ። አሁን በተሳቢው ቀኝ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ማንኛውም ተሳቢ ያለ ጭማሪ ይዞት የሚመጣው ተራ በር አለ። ቮልስ ቀጭን ስለሆነች በሁለቱም ጎን 18 ኢንች ያህል ይተርፋል፤ ሆዴን ሰብሰብ አድርጌ ወጥቼ በተራው በር እወርዳለሁ። ሰፊ መኪና ላለው፣ ሞተሩም ከፊት ለሆነ፣ የግራው በር ገንዘቡን ያወጣል። ሳትገዙ በፊት መኪናችሁ በየት በኩል ፊቷን አዙራ እንደምትጓዝ ወስኑ ነው የምለው።

ሌላው ያልገመትኩት የቱንድራው በር ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት። ማስታወቂያው ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ይጎትታል ይላል፤ ወረቀቷ ግን ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ1,360 ፓውንድ እንዳይበልጥ ታዛለች። ኳሱ ላይ የሚያርፈው 730፣ መጋጠሚያው ራሱ 80፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች 560። ደምሩት፤ 1,370! ባለቤቴ ለመንገድ የምትይዘው እንጀራና ወጥ ገና አልተቆጠረም። የሚዛን ማከፋፈያው መጋጠሚያ ጥቂቱን ወደ ተሳቢው አክሰሎች ይመልሳል፤ ቢሆንም ለረጅም መንገድ ልጆቹ በሌላ መኪና ይከተሉናል። እነሱ ደስ ብሏቸዋል።

በ16 ወርና በ4,100 ማይል ውስጥ የተበላሸውን ልዘርዝር። አራተኛው ወር ላይ ከኋላው የላይኛ ማዕዘን ውሃ ገባ፤ የፋብሪካው ሲሊኮን እንደ ድድ ተላቆ ነበር። ፋቅኩት፣ አዲስ ሞላሁበት፣ ቆመ። የጎኑ ላሜራ በቪቴ የተያዘ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቪቴ ሥር የዝገት እንባ መውረድ ጀምሯል። በማጣበቂያ የተለጠፈ ላሜራ ያለው ቢገኝ ጥቂት መቶ ዶላር መጨመር ይገባዋል፤ ውበት ለማይገደው ግን ቪቴው ይበቃል። ባሌስትራው ይንጫጫል እንጂ ደህና ነው። ኩሽኔታዎቹን በዓመቱ ፈትቼ አዲስ ግራሶ አበላሁ፤ አንዱ ሲመጣም በቂ ግራሶ አልነበረውም።

ጎማው ግን ቂም አስይዞኛል። ሐምሌ ላይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰፊው መንገድ፣ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ሲሆን፣ የግራው ኋላ ጎማ ፈነዳ። የጎማው ቁርጥራጭ የጎማ መከለያውን ላሜራ ቀደደው። አብረው የመጡት ጎማዎች እያንዳንዳቸው በ50 ግፊት 1,820 ፓውንድ የሚሸከሙ ነበሩ፤ በስሌት ይበቃሉ፣ በኑሮ አይበቁም። አራቱንም በአንድ ደረጃ ከፍ ባሉ፣ በ65 ግፊት 2,150 በሚይዙ ቀየርኩ። ቸርኬው ያን ግፊት መቻሉን አስቀድሜ አረጋገጥኩ። ስኮርታ ጎማ ከተሳቢው ጋር አይመጣም፤ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ እኔም የገዛሁት በዚያ ቀን አስፋልት ዳር ቆሜ ጎታች መኪና ስጠብቅ ነው ማለት ይቻላል።

የማቆሚያው ነገር አጭር ነው፦ የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ተሳቢ ደጅ ላይ አያስቆምም። በወር 135 ዶላር ከፍዬ የታጠረ ግቢ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ጎማውንም መጋጠሚያውንም ቆልፌ። በ16 ወር ሲደመር 2,160 ዶላር ነው። ይህን ከዋጋው ጋር ያልደመረ ሰው ዋጋውን አያውቀውም።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ደግሞ ስልኩ ነው። «ተሳቢ አለህ አሉ» ብሎ የማይደውል የለም። ቤት የሚቀይር፣ ሶፋ የገዛ፣ ለጥምቀት የቤተ ክርስቲያን ወንበርና ድንኳን የሚያጓጉዝ። የቤተ ክርስቲያኑን በደስታ አደርጋለሁ፤ የሶፋውን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን እንደ ሰውየው ነው። ያስቸገረኝ የአንድ ጋሼ ጥያቄ ነበር። አሮጌ ላንድክሩዘር ገዝተው ከኦሃዮ እንዳመጣላቸው ፈለጉ። መኪናዋ ከ4,000 ፓውንድ በላይ ናት፤ የእኔ ተሳቢ የሚችለው 3,480።

«ጋሼ፣ አይችልም» አልኳቸው።

«ትገባለች አይደል እንዴ? ለክቼዋለሁ እኮ!»

«መግባቱን ትገባለች፤ ክብደቷ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ለቮልስ ይህን የሚያህል ቤት ሠርተህ ለእኔ መኪና ሲሆን ሚዛን አወጣህ?»

ለሁለት ወር ያህል ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ባለ 5,200 አክሰሉን ብገዛ ኖሮ እያልኩ የማስበው ያን ጊዜ ነው፤ ለቮልሷ አይደለም።

ዛሬ ብገዛ ይኸው 20 ጫማ፣ ይኸው ከፍታ፣ ከበድ ያለው አክሰልና ከበድ ያለው ጎማ፣ ከመጀመሪያው ቀን ስኮርታ ጎማ ያለው። የግራውን በር አላስጨምርም። ሊሸጥ የወጣ አሮጌ በር የሚፈልግ ካለ ግን የእኔ ከነማጠፊያው አዲስ ነው፤ የሚከፈተው ቀበቶዎቹ ሲወርዱ ብቻ ነው።