አንድ ትኩሳት፣ ሁለት ሕክምና ቤት

የልጄ ትኩሳት 5ኛ ቀኑን ሲይዝ መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ጉሮሮዋን በባትሪ አይቶ አንቲባዮቲክ ጻፈና ሸኘን። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ዓይናር የለውም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሷ እንጆሪ መስሏል፣ እጅና እግሯ አብጧል። ማን ደምሮ ይየው! አንድ ኮከብ፣ እሱም ለዘበኛው ትህትና።

የሕፃናት ሆስፒታሉ ግን ሌላ ነው። ሐኪሟ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጠይቃ «ካዋሳኪ ይመስላል» አለችን፤ ጃፓናዊው ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በ1967 እ.ኤ.አ. የጻፉበት፣ በብዛት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚይዝ የደም ሥር ብግነት ነው። የሚያስፈራው ልብን የሚመግቡትን ደም ሥሮች መንካቱ ነው፣ ካልታከመ ከ4 ልጆች የአንዱን ያህል እዚያ ላይ ይጎዳል። በዚያው ቀን የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች፣ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ የመከላከያ ፕሮቲን) በደም ሥሯ ተሰጣት፣ አስፕሪንም ተጨመረ (በራሳችሁ ለልጅ አስፕሪን እንዳትሰጡ፣ ይሄ የሐኪም ጉዳይ ነው)። ኢሚውኖግሎቡሊኑ በሕመሙ የመጀመሪያ 10 ቀናት ውስጥ ሲገባ ነው አደጋው በጣም የሚቀንሰው፣ እኛ ለጥቂት ደረስን።

ቅሬታ አለኝ። ከኢሚውኖግሎቡሊኑ በኋላ የኩፍኝ ክትባት 11 ወር መቆየት እንዳለበት መውጫ ወረቀቱ ላይ አልጻፉም፣ ጠይቄ ነው ያወቅኩት። አራት ኮከብ።