የልጅ ዕድገት መለያ፦ ነጻው መተግበሪያ፣ ባለ ነጥቡ መጠይቅ ወይስ ውዱ መሣሪያ?

ልጄን ለ18 ወር ምርመራዋ ሐኪም ጋ የወሰደቻት እናቴ ነበረች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ታብሌት ሰጧት። ስለ ልጅቷ ዕድገት የሚጠይቅ መጠይቅ ነው፤ በሙሉ በእንግሊዝኛ። ሰው ላለማስቀየም ሁሉንም «አዎ» ብላ መለሰችላቸው። ውጤቱም ሙሉ ሆኖ ተመዘገበ! እነዚህን መሣሪያዎች ማነጻጸር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሜሪካ ላለ ወላጅ ቀላሉ የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም) «ማይልስቶን ትራከር» ነው፤ ልጅ በየዕድሜው ምን ማድረግ እንደሚጀምር የሚከታተል የስልክ መተግበሪያ። ነጻ ነው። ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ፎቶና ቪዲዮም አለው። የሚሠራው ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። በ2022 ዝርዝሩ ተከልሶ፣ በየዕድሜው 75 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች የሚያደርጉት ብቻ እንዲቀር ተደርጓል። ስለዚህ አንድ ነገር ከጎደለ «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ነጥብ ግን አይሰጥም። እኔ እንደ ጥሩ ማስታወሻ ደብተር ነው የማየው፤ ልየታ፣ ማለትም ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ የሚለይ ፈተና፣ አይባልም።

ልየታ የሚባለው ኤ ኤስ ኪው 3 የተባለው፣ ወላጅ የሚሞላው ባለ ነጥብ መጠይቅ ነው። ከ1 ወር እስከ 66 ወር 21 መጠይቆች አሉት። እያንዳንዱ 5 ዘርፎችን ያያል፦ ንግግር፣ ትልልቅ እንቅስቃሴ፣ የእጅ ሥራ፣ ችግር መፍታትና ማኅበራዊ ጠባይ። በየዘርፉ 6 ጥያቄ አለ። «አዎ» 10፣ «አንዳንዴ» 5፣ «ገና» 0 ነው። ሙሉው ኪት ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል፤ እሱ ለክሊኒክና ለሕፃናት መዋያ ነው፣ ወላጅ አይግዛው። ኢስተርሲልስ የተባለው ድርጅት በኢንተርኔት በነጻ ሲያስሞላ ቆይቷል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ጉዳይ አለ። «በማንኪያ ራሷ ትበላለች?» ሲባል፣ በጉርሻ ያደገች ልጅ «ገና» ይባልላታል። ችሎታው ስለሌላት ሳይሆን ማንኪያ ሰጥቷት የሚያውቅ ስለሌለ ነው። መጀመሪያ ይሞክሯት፣ ከዚያ ይመልሱ። ቃላት ሲቆጥሩም አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ደምረው ነው። «ውሃ» እና «እንቢ» ሙሉ ቃላት ናቸው፤ «እንቢ» እንዲያውም የልጄ ተወዳጅ ቃል ነበር።

ጭንቀትዎ ኦቲዝም ከሆነ ለዚያው የተዘጋጀው ኤም ቻት የተባለው መጠይቅ ይሻላል። ነጻ ነው፣ 20 ጥያቄ ብቻ፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 7 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። መካከለኛ ከወጣ አትደንግጡ፤ ተከታይ ጥያቄዎች አሉት። አንድ ብልሃቱን ወድጄዋለሁ፦ 3 ጥያቄዎች የተገላቢጦሽ ናቸው፤ በእነሱ ላይ የስጋት ነጥብ የሚያስቆጥረው «አዎ» ነው። እናቴ እዚህ ሁሉን «አዎ» ብትል 3 ነጥብ ይዛ ትያዝ ነበር።

ውዱ ኦቲዝምን ለመመርመር ሐኪምን የሚያግዘው ካንቫስ ዲኤክስ ነው። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ) በ2021 የፈቀደው፣ ከ18 እስከ 72 ወር ላሉ ልጆች፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ። የወላጅ መልስ፣ የሐኪም መልስና ቤት የተቀረጹ ቪዲዮዎችን አንድ ላይ ያያል። ግን በ425 ልጆች ላይ በተደረገው ጥናት ቁርጥ ያለ መልስ ያገኙት 32 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እኔ ከዚህ አልጀምርም። ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቁ መተግበሪያዎችማ፣ በየትኛው የተፈተነ መጠይቅ እንደሚሠሩ ካልነገሯችሁ እለፏቸው።

የእኔ ምርጫ? በየወሩ ትራከሩ፣ በ9፣ በ18ና በ30 ወር ኤ ኤስ ኪው፣ በ18ና በ24 ወር ኤም ቻት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ልየታ እንዲደረግ የሚመክረው በእነዚሁ ወራት ነው።

የኤ ኤስ ኪው ነጥብ ዝቅ ወይም የኤም ቻት ነጥብ ከፍ ካለ ሌላ መተግበሪያ አትፈልጉ። ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው የአካባቢያችሁ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን (ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን በጊዜ የሚረዳ የመንግሥት አገልግሎት) ጋ ራሳችሁ ደውሉ፤ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ ግምገማውም ነጻ ነው። ስትደውሉ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። እኔ ሁለተኛውን ዙር እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የሞላሁት፤ ቀን ከልጅቷ ጋር የምትውለው እሷ ስለሆነች ግማሹን መልስ ያገኘሁት ከእሷ ነው።