ማሽኑ ወርቅ፣ መቆንጠጫው ቆርቆሮ

በእጄ ከገባ ወራት ያስቆጠረው ይህ ተንቀሳቃሽ የብየዳ ማሽን እስካሁን አላሳፈረኝም። ያናደደኝና ለመጻፍ ያስነሳኝ ከማሽኑ ጋር በአንድ ሳጥን ታሽጎ የመጣው የኧርዝ መቆንጠጫ፣ ማለትም የሚበየደውን ብረት ነክሶ የኤሌክትሪክ ጅረቱን ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ዕቃ ነው። ስለ ማሽኑ ቅለት፣ ስለ ማራገቢያው ድምፅ፣ ስለ ቀለሙ ሳይቀር ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ። ስለ መቆንጠጫው ግን አንድም ሰው ትንፍሽ ሲል አልሰማሁም፤ ስለዚህ የዚህ ግምገማ ሲሶው ለማሽኑ፣ የቀረው ለመቆንጠጫው ነው። ሚዛኑ ተዛብቷል የሚል አንባቢ ካለ ልክ ነው፤ ንዴቴም የተከፋፈለው እንዲሁ ነው።

መቆንጠጫው ከሩቅ ሲታይ መዳብ ይመስላል። ቀላ ያለ ነው፣ ያብረቀርቃል። ማግኔት ሲያስጠጉት ግን ወዲያው ይለጠፋል፤ መዳብን ደግሞ ማግኔት አይስበውም። ነገሩ ስስ ላሜራ ታጥፎ፣ ጥርስ ወጥቶለት፣ ላዩን መዳብ የተቀባ ነው። የብረት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ከመዳብ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በዚህ ላይ ገመዱ የታሰረው ከሁለቱ መንጋጋዎች በአንደኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው መንጋጋ ከገመዱ ጋር የሚገናኘው መሃል ላይ ባለው ፒንና በስፕሪንጉ በኩል ስለሆነ ብረቱን ለመንከስ ይረዳል እንጂ ጅረት ለማሳለፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ገመዱም ቢሆን ወፍራም ያስመሰለው ላስቲኩ ነው። ጫፉን ልጬ ሽቦውን በቢላ ስፍቀው ከቀዩ ሥር ብርማ ቀለም ወጣ፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው።

ለአንድ መቆንጠጫ ይህን ያህል ምን አስጮኸህ ለሚለኝ ሰው ሒሳቡን ላቅርብ። በብየዳ ጊዜ ጅረቱ ከማሽኑ ይወጣል፤ በመያዣው፣ በኤሌክትሮዱ፣ በእሳቱና በሚበየደው ብረት አልፎ በመቆንጠጫው በኩል ወደ ማሽኑ ይመለሳል። በአንዱ ገመድ 100 አምፔር ከሄደ በሌላው ገመድ 100 አምፔር ይመለሳል፤ ቅናሽ የለም። እንግዲህ መቆንጠጫው ብረቱን በነከሰበት ቦታ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፣ እዚያች ነጥብ ላይ 1 ቮልት ይጠፋል፣ 100 ዋት ሙቀትም ይፈጠራል። የስፕሪንጉ ብረት በሙቀት ይለሰልሳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ንክሻው ይላላል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይብሳል። የእኔው ስፕሪንግ በዚህ መንገድ ሄዶ አሁን የወረቀት መያዣ እንኳ መሆን አይችልም።

በብየዳው ላይ የሚታየው ምልክት ደግሞ ሰውን የሚያሳስት ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 6013 የሚባለውን ዓይነት ኤሌክትሮድ ይዤ በ80 አምፔር ቱቦላሬ እበይዳለሁ። እሳቱ በሚገባ ይነሳል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ይንተባተባል፣ ይጠፋል፣ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም ይኸው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ማሽን፣ የታዘዘውን ጅረት ይዞ ለመቆየት የተሠራ ስለሆነ አነስተኛውን ተቃውሞ ራሱ ይቋቋመዋል። በየቅጽበቱ የሚላላና የሚጠብቅ ንክሻን ግን የትኛውም ማሽን አያርመውም። እዚህ ላይ ማንም ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ጅረት መጨመሪያው ነው። 95 ላይ ሲያደርሱትና መቆንጠጫው ድንገት በደንብ ሲነክስ ያ ሁሉ ጅረት በአንድ ጊዜ ይመጣና የቱቦላሬው ስስ ግድግዳ ይበሳል። በያጁ እጁን ይወቅሳል፣ ኤሌክትሮዱን ይወቅሳል፣ ማሽኑን ይወቅሳል። መቆንጠጫው ግን ጥግ ይዞ ዝም ይላል።

«ወንድሜ፣ ለቤት ሥራ እኮ ይበቃል» ይለኛል በሐሳቤ ያለው ሻጭ። የቤት አምፔር ከፋብሪካ አምፔር የተለየ ነው እንዴ? 100 አምፔር የአጥር በር ሲበየድም፣ የመርከብ ጎን ሲበየድም 100 አምፔር ነው። «ከሁሉም ማሽን ጋር አብሮ የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው» ይላል ቀጥሎ። ይህ መከላከያ ሳይሆን የክስ ማስረጃ ነው። ውስጡ እንዲህ ያለ ረቂቅ ኤሌክትሮኒክስ የተሸከመ ዕቃ ሠርተው ሲያበቁ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ በሆነው ላይ መሰሰታቸው አይገባኝም። «ካልወደድከው ቀይረው» ካለኝ ግን ተስማምተናል፤ ቀይሬዋለሁ።

የቀየርኩበት ዋና ምክንያት የብየዳው ማማር ብቻ አይደለም። ደካማ መቆንጠጫ አደገኛ ነው። ጅረት በተዘጋጀለት መንገድ በቀላሉ መመለስ ካቃተው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚበየደው ብረት ላይ በሶኬት የተሰካ ግራይንደር ተጋድሞ ከሆነና አካሉ የብረት ከሆነ፣ የብየዳው ጅረት በግራይንደሩ የኧርዝ ሽቦ በኩል ሊመለስ ይችላል። ያ ሽቦ የተሠራው ለሰው ሕይወት መጠበቂያ ነው፤ መቶ አምፔር ሲያልፍበት ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ግራይንደሩ ይሠራል፣ መከላከያው ግን የለም፣ ማንም አያውቅም። በኩሽኔታ፣ በሰንሰለት ወይም በሽቦ ገመድ በኩል ካለፈም ውስጥ ውስጡን ይበላቸዋል። ስለዚህ መቆንጠጫው የሚያዘው እዚያው በሚበየደው ብረት ላይ፣ ለብየዳው በተቻለ መጠን ቀርቦ ነው። ቀለሙና ዝገቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቃል። የጋዝ ሲሊንደር ወይም የቧንቧ መስመር ላይ መቆንጠጥ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

አሁን የምጠቀምበት መቆንጠጫ የነሐስ ነው፤ በስፕሪንግ ሳይሆን በብሎን ይጠብቃል። ገመዱም የመዳብ ሲሆን የሽቦው ስፋት 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ማሽን 16ም በቂ ነበር፤ ተናድጄ ስለነበር ከፍ አደረግሁት። የገመዱ ጫፍ በካፖኮርዳ (ቀዳዳ ባለው የገመድ ጫፍ ማሰሪያ) ተጨምቆ በብሎን ታስሯል። ልዩነቱ የተሰማኝ ገና የመጀመሪያው ኤሌክትሮድ ሳያልቅ ነው። በ80 አምፔር እሳቱ ለስላሳና የማይቋረጥ ሆነ፣ ድምፁ አንድ ወጥ ሆነ፣ ቅርፊቱም በመዶሻ ሲነካ ተላቆ ይነሳል። ያው ማሽን፣ ያው ኤሌክትሮድ፣ ያው እጅ ነው።

ከገመዱ ነገር ሳልወጣ ስለ መሰኪያዎቹም ልናገር። ገመዶቹ ማሽኑ ፊት ላይ የሚሰኩት ጉብታውን ከቦይው አስተካክሎ በማስገባትና ወደ ቀኝ አጥብቆ በማዞር ነው። ብዙ ሰው አስገብቶ ይተወዋል። የላላ መሰኪያ እንደ ላላ መቆንጠጫ ይሞቃል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚቀልጠው የማሽኑ የራሱ አካል መሆኑ ነው። 7018 የሚባለው ዓይነት ሲሆን ኤሌክትሮዱ ከፕላስ ይሰካል፤ 6013 በሁለቱም ይሠራል፣ ስስ ላሜራ ላይ ግን ከማይነስ ማድረጉን እመርጣለሁ፤ የመብሳት ችግሩ ይቀንሳል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ መሰላል ይወጣል፤ የድሮው ትራንስፎርመር ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። ምሥጢሩ ከሶኬት የመጣውን ጅረት በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያሳልፈው ትንሽ ትራንስፎርመር መብቃቱ ነው። ኤሌክትሮድ ሲጣበቅ ጅረቱን ራሱ ይቀንሳል፤ እሳቱ ሲነሳ ለቅጽበት ይጨምራል። ጥሩ ነው፤ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 200 ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። «200 አምፔር ነው፣ ምንም ይበይዳል» የሚለው ሻጭ ከመቆንጠጫው ሻጭ ጋር ወንድማማች መሆን አለበት። ለእጅ ኤሌክትሮድ የሚሠራበት የተለመደ ስሌት የጅረቱን መጠን በ0.04 አባዝቶ 20 መደመር ነው፤ በ200 አምፔር 28 ቮልት ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ 5.6 ኪሎ ዋት ለእሳቱ ብቻ ይፈለጋል ማለት ነው። 16 አምፔር የሚችል ሶኬት በ230 ቮልት ሊሰጥ የሚችለው 3.7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የጎደለው ከየት ሊመጣ ነው? እውነተኛው ቁጥር ያለው ከጀርባ በተለጠፈው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። 60 በመቶ በ120 አምፔር የሚል ከሆነ፣ ከየ10 ደቂቃው 6ቱን በይዶ 4ቱን ማረፍ አለበት ማለት ነው። 2.5 እና 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ለሚጠቀም ሰው ይህ ይበቃል፤ ለ2.5 ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ከ90 እስከ 130 አምፔር ያህል ነውና። ስለዚህ ቅሬታዬ ከአቅሙ ጋር ሳይሆን ከጽሑፉ ጋር ነው።

ማራዘሚያ ገመድ ከተፈለገ በየመስመሩ ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ያለው ይሁን፤ ከጥቅሉም ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ተጠቅልሎ የተሠራበት ገመድ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ይቀልጣል። ከግራይንደር የሚወጣው የብረት ብናኝም የዚህ ዓይነት ማሽን ጠላት ነው፤ ማራገቢያው ስቦ ያስገባዋል፣ ብናኙም ጅረት አስተላላፊ ስለሆነ የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያቃጥላል። ማሽኑን ከሚፈገፈገው ብረት አርቄ አስቀምጣለሁ። በየጊዜውም ነቅዬ፣ ቆየት ብዬ፣ በደረቅ አየር አነፋዋለሁ። ቆየት ማለቱ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ይቀራሉ።

በሳጥኑ ውስጥ አብሮ የመጣው በእጅ የሚያዝ ፕላስቲክ ማስክ ጥቅሙ አልታየኝም። አንድ እጅ ይወስዳል፣ አንገትን ሳይሸፍን ይቀራል። በራሱ የሚጠቁር፣ የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር 10 ወይም 11 የሚደርስ የራስ ማስክ ያስፈልጋል። የብየዳ ብርሃን ዓይንን ያቃጠለው እንደሆነ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ጓንቱ ደረቅ ቆዳ፣ ልብሱ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማሽኑ ሳይበይድ ቆሞ ሳለ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ከ60 እስከ 80 ቮልት ሊኖር ይችላል። በላብ በራሰ ጓንት ኤሌክትሮድ መቀየር የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ቮልቴጁን በዚህ ጊዜ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ያለው ማሽን ካገኙ እሱን ይምረጡ፤ የእኔው የለውም።

ጭሱን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳን ጭስ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ከአንደኛው ምድብ መድቦታል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ዚንኩ አስቀድሞ ይፋቅ፣ ሥራውም ነፋስ ባለበት ይሁን። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ወይም ታንከር ታጥቧል ተብሎም ቢሆን የዚህ ማሽን ሥራ አይደለም።

እንደገና እገዛዋለሁ ወይ? ጠዋት ብትጠይቁኝ አዎ እላለሁ። ያንን ስፕሪንግ ዕቃ መሳቢያው ውስጥ ባየሁበት ቀን ብትጠይቁኝ ግን መልሴ ሌላ ነው። ማሽኑን ብቻ፣ ያለ መቆንጠጫው፣ ያለ ገመዱና ያለ ፕላስቲክ ማስኩ የሚሸጥልኝ ከተገኘ አንድ ሌላ እጨምራለሁ። ሊገዛ ያሰበም ዋጋውን ሲያነጻጽር የነሐስ መቆንጠጫና የመዳብ ገመድ የሚወስዱትን ገንዘብ አስቀድሞ ይደምርበት፤ ርካሽ የሚባለው ማሽን በዚያ ሒሳብ ከሌሎቹ ብዙም ላይርቅ ይችላል።