አንድ አራተኛው ፓይፐር ከብ፦ ከኪት ተሠርቶ፣ ወራት ከበረረ በኋላ

ይህን በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን በብርዱ ወራት ከኪት፣ ማለት ክፍሎቹ ተቆርጠው በሳጥን ከሚመጡበት መገጣጠሚያ፣ ምድር ቤት ውስጥ ገጣጥሜ፣ ከፀደይ ጀምሮ ቅጠል እስኪረግፍ አብርሬዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ እንጨቱ ግሩም ነው፤ አበራረሩ ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ እጅ የማይገባበት ቦታ ግን በዝቶበታል። ትልቅ ሞዴል ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው ይህን የመጨረሻውን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሞዴሉ የፓይፐር ጄ-3 ከብ አንድ አራተኛ ነው። ዋናው ከ1938 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ፔንስልቬንያ ውስጥ ሎክ ሄቨን በምትባል ከተማ የተመረተው፣ ቁጥሩ ወደ 20,000 የተጠጋው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መብረቅ የተሳለበት ቢጫ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ነው። የዋናው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.74 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 2.69 ሜትር ይመጣል። አካሉ 1.7 ሜትር ነው፤ ሞተርና ባትሪ ይዞ፣ ነዳጅ ሳይጨመርበት፣ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ሳጥኑ ውስጥ በሌዘር የተቆረጠ ባልሳ (እጅግ ቀላል እንጨት) እና ኮምፔርሳቶ፣ ለክንፉ ወጋግራ የሚሆን የስፕሩስ እንጨት ዘንግ፣ የማረፊያ እግሩ ሽቦ፣ የብሎንና የማያያዣ ከረጢት፣ በልኩ የታተመ ፕላንም አለ። ሞተር፣ ሰርቮ (የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዞር ትንሽ ሞተር)፣ ሬዲዮ፣ ጎማ፣ ታንክና መሸፈኛ ጨርቅ ለየብቻ ይገዛሉ። ኪቱ ከጠቅላላ ወጪዬ ሲሶውን አልሞላም፤ ዋጋውን አይቶ ርካሽ ነው የሚል ሰው ይህን ያስብበት።

እንጨቱን የመረጠው ሰው ሥራውን ያውቃል። ባልሳ ከአንድ ግንድ ወጥቶ እንኳ ክብደቱ ይለያያል፤ እዚህ ኪት ውስጥ ለጭራው የመጣው ቀላሉ፣ ለክንፉ ፊት የመጣው ጠንካራው ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከብ አፍንጫው አጭር ስለሆነ ጭራ ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ግራም አፍንጫው ላይ ሁለትና ሦስት ግራም ታስከፍላለች። ዋናውም ቢሆን አብራሪው ብቻውን ሲሆን ከኋላ መቀመጫ ነው የሚበረው፤ ይህም የክብደቱን ማዕከል ለመጠበቅ ነው። እኔ ሁለቱንም ባትሪዎች ሞተሩ ከሚታሰርበት ግድግዳ ጀርባ አስጠግቼ ስላሰርኳቸው እርሳስ የጨመርኩት በጣም ጥቂት ነው።

ክንፉን መሥራት የዚህ ኪት ምርጥ ክፍል ነው። ፕላኑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሶ፣ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ወጋግራው ላይ ማቆም ነው። ሌዘር የቆረጠው ጠርዝ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ደግሞ ኮላ አያስገባም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጎድን በብርጭቆ ወረቀት ሳብ ሳብ አድርጎ ነጩ እንጨት ሲታይ ብቻ ማጣበቅ ያስፈልጋል። የክንፉ ጫፍ ከኋላ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲጣበቅ ፕላኑ ያዛል። ይህች ጠመም ማለት አውሮፕላኑ በዝግታ ሲበር ጫፉ ቀድሞ አየሩ የሚያነሳውን ኃይል አጥቶ እንዳይዘቀዝቅ የምታደርግ ናት፤ ኮላው እስኪደርቅ ክብደት ጭኖ በውሃ ልክ ደጋግሞ ማየት ይገባል። ሁለቱ ክንፎች በአሉሚኒየም ቱቦ ይጋጠማሉ፣ ከታች ደግሞ ደጋፊ ዘንጎቹ ይሸከሟቸዋል። ዘንጎቹ ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ጭነት ይይዛሉ። ከረጢቱ ውስጥ የመጡት የዘንጎቹ ማያያዣዎች ግን ለስላሳ ብረት ናቸው፣ በጣት ሲታጠፉ አየሁ። በጠንካራ ብረት ለውጬ ነው የገጠምኩት፤ ማንም እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። ፕላኑ እንደሚያሳየው ታንኩ ከሞተሩ ግድግዳ ጀርባ ይቀመጥና በላዩ መስታወቱና ጣሪያው ይለጠፋል፤ ታንኩ የሚወጣበት በር የለም። ቤንዚን ደግሞ ቱቦ ያደርቃል። በሚታኖል (በአልኮል) ለሚሠራ ሞተር የሚሆነው የሲሊኮን ቱቦ ለቤንዚን ጭራሽ አይሆንም፤ ቢጫው የቤንዚን ቱቦ እንኳ ከጊዜ ብዛት ይጠነክራል። ታንክ ውስጥ ያለችው ጫፏ ላይ ክብደት የታሰረላት ቱቦ ከደነደነች አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያዘቀዝቅ ነዳጁን አትከተልም፤ ሞተሩም አየር ላይ ይጠፋል። እንግዲህ ይህን ቱቦ ለመቀየር ፕላኑን በታማኝነት የተከተለ ሰው የለጠፈውን ጣሪያ ሊቀድ ነው። እኔ ጨርቁን ከማልበሴ በፊት በሆዱ በኩል በአራት ብሎን የሚዘጋ በር ከኮምፔርሳቶ ሠራሁለት። በበጋው አጋማሽ ቱቦዋ ስትደነድን ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ ቀየርኳት፣ በዚያው ቀን በረርኩ። ጭራ ውስጥ ላለው የኤሌቬተር (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዝ የጭራ ክፍል) ሰርቮም እንዲሁ በር ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ጥሩ እንጨት የሚቆርጥ አምራች ሁለት በር ፕላኑ ላይ መሳል እንዴት ያቅተዋል? ጽፌላቸዋለሁ፤ ቢያስተካክሉት ኪቱ ወደር አይኖረውም።

ሌላው የትልቅ አውሮፕላን ጠላት ንዝረት ነው። የገጠምኩት ባለ 35 ሲሲ ሁለት ስትሮክ የቤንዚን ሞተር ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 33 ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል፣ ከሚታኖሉ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ያነሰ ነው፣ ካንዴላውም እስካሁን ንጹሕ ነው። ግን ይነቀንቃል። ሰፈራችን ውስጥ በአውሮፕላን ጥገና ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጋሼ አሉ። መጥተው ሞተሩን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ፍጥነቱም ስለ ዋጋውም አይደለም።

«ብሎኑ ቢላላ በምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ከመብረሬ በፊት እየነካሁ አያለሁ ጋሼ።»

«መንካት አይበቃም። ዓይንህ ይንገርህ።»

ከዚያ ቀይ የጥፍር ቀለም አስመጥተው ከእያንዳንዱ ዳዶ ራስ እስከ ተቀመጠበት እንጨት ድረስ ቀጭን መስመር አሰመሩ። ዳዶው ፀጉር ታህል ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይም የሚደረገው ይኸው ነው። ወቅቱን ሙሉ ያየሁት የማርሚታው ሁለት ብሎኖች መስመራቸው መሰበሩን ነው፤ ሁለቱንም ሳይወድቁ ያዝኳቸው። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ሁሉም ላይ አለ፤ ማርሚታው ግን ስለሚግል ፈሳሹ እዚያ ብዙ አይቆይም።

በረራው! ከዚህ በፊት ትንንሽ የአረፋ አውሮፕላኖች አብርሬያለሁ፤ ነፋስ መጣ ማለት ወደ ቤት መሄድ ነበር። ይኸኛው የክንፉ ስፋት ወደ 1 ካሬ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው 8 ኪሎ ብቻ ነው። በግማሽ ጋዝ ተረጋግቶ ይሄዳል፣ ሲያርፍ በዝግታ ይመጣል፣ ንፋስ ሲመታው ሰውነቱን ይነቀንቅና ይቀጥላል። ግማሽ ሊትር ነዳጅ ከሩብ ሰዓት በላይ ያቆየዋል። አንድ ጠባይ አለው፦ በኤለሮን (ክንፎቹ ላይ ባሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ብቻ ልታዞሩት ብትሞክሩ ክንፉ ወደ አንዱ ጎን ያጋድላል፣ አፍንጫው ግን ወደ ሌላው ይሸሻል። የግራ እጅ ራደሩን፣ ማለት የጭራውን ቋሚ መሪ፣ አብሮ መስጠት አለበት። ይህ የዋናው ከብ ጠባይ ስለሆነ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ እንዲያውም እጄን በትክክል ያስተማረኝ እሱ ነው። መሬት ላይ ሲሄድ ኤሌቬተሩን ወደ ላይ ይዞ የጭራውን ጎማ ማስጫን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዙሮ ክንፉን መሬት ያስነካል።

መሸፈኛው በካውያ የሚለጠፍ የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መኪና ውስጥ ሲውል ክንፉ ሥር ላይ ይሸበሸብ ነበር፤ ካውያ አስነክቼ መልሼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጥላ ቦታ ነው የማቆመው። ቀለሙ አልደበዘዘም።

ዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞዴል ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚህ ክበብ ውስጥ ናቸው፤ መናፈሻው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አይቻልም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቅድመ ሁኔታዎቹን አሟልቶ ይበረራል፦ ከ55 ፓውንድ በታች፣ ከ400 ጫማ ሳያልፍ፣ ዓይን እያየው። ምዝገባው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው፣ የመዝናኛ አብራሪዎች ፈተና ደግሞ በነጻ ይወሰዳል። ክበቡን ወጥቶ የሞዴል ክለብ ውስጥ መግባት ከሁሉ ይሻላል፤ ክንፉ ለሁለት ስለሚከፈል መደበኛ ቫን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ሜዳ ላይ በአንድ ሰው እጅ ይገጠማል።

ይህን ኪት የምታዙ ከሆነ አብራችሁ ጠንካራ የዘንግ ማያያዣ፣ ሁለት ሜትር የቤንዚን ቱቦ፣ የሞተሩን ብልጭታ ከእጃችሁ ሬዲዮ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ ቁራጭ ቀጭን ኮምፔርሳቶ እዘዙ። ኮምፔርሳቶው ለበሮቹ ነው።